አልጠፋ ያለ የፍሬን መብራት፦ ከፔዳሉ ማረፊያ ጎማ እስከ ኋላው ሽቦ

መኪናው ቆሞ፣ ቁልፉ ተነቅሎ፣ የኋላው ቀይ የፍሬን መብራት ግን ቦግ ብሎ ከቀረ ሁለት ጉዳት በአንድ ጊዜ እየደረሰ ነው። አንደኛው ባትሪው ላይ ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች የፍሬን መብራት ያለ ቁልፍም ስለሚሠራ ቁልፉን መንቀል አያጠፋውም። ባለ 21 ዋት ሁለት አምፑሎችና ላይኛው ሦስተኛ መብራት ተደምረው ከ4 እስከ 5 አምፔር ይወስዳሉ። ባለ 45 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሙሉ ሆኖ ቢያድር እንኳ ከ10 ሰዓት ገደማ በኋላ ሞተር ማስነሳት ያቅተዋል፤ ያረጀው ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ይወድቃል። ሁለተኛው ጉዳት የባሰ ነው፦ ከኋላ የሚከተለው ሾፌር ፍሬን መያዝዎንና አለመያዝዎን የሚያውቅበት ምልክት የለውም።

እንዲህ ሲሆን ብዙው ሰው በቀጥታ የፍሬን ስዊች ይገዛል። ስዊቹ ይቀየራል፣ መብራቱ ግን እንደበራ ይቀራል። ምክንያቱም ጥፋቱ በጣም ብዙ ጊዜ ያለው ስዊቹን ተጭና በምትይዘው፣ የጣት ጥፍር በምታክል ጎማ ላይ ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ይፈትሹ። ፍተሻው ከ10 ደቂቃ አያልፍም፣ አብዛኛውም መሣሪያ አይጠይቅም።

ለዛሬ ሌሊት

ጥገናው ለነገ የሚያድር ከሆነ የፍሬን መብራቱን ፊውዝ ነቅለው ባትሪውን ያትርፉ። ፊውዙ በሾፌሩ እግር በኩል ወይም በሞተር ክፍሉ ውስጥ ባለው የፊውዝ ሳጥን ይገኛል፤ ክዳኑ ላይ «ስቶፕ» የሚል ጽሑፍ አለው፣ መጠኑም በአብዛኛው 10 ወይም 15 አምፔር ነው። መለየት ካቃተዎ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈትተው ይደሩ። ጠዋት ከመንቀሳቀስዎ በፊት ግን ፊውዙን መልሰው ይሰኩት። ፍሬን ሲያዝ ጭራሽ መብራት የሌለው መኪና ሁልጊዜ ከሚበራበት ይብሳል። በአንዳንድ መኪና ይኸው ፊውዝ ጡሩምባውን ወይም ሌላ መስመርን ይመግባል። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪናም ፊውዙ ተነቅሎ ሳለ ከ«ፒ» (ከማቆሚያው ማርሽ) አልወጣ ሊል ይችላል፤ የማርሽ መቆለፊያው የሚከፈተው ከዚሁ መስመር በሚመጣ ምልክት ነውና።

ስዊቹ እንዴት ነው የሚሠራው

ስዊቹ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ በፍሬን ፔዳሉ ክንድ ላይኛ ጫፍ አካባቢ ታስሮ ይገኛል። ጫፉ ላይ በሞላ የሚገፋ ፒን አለው። እግርዎ ከፔዳሉ ሲነሳ ክንዱ ወደ ቦታው ተመልሶ ፒኑን ወደ ውስጥ ይጫነዋል፤ ያኔ በውስጡ ያለው መገናኛ ይለያያል፣ መብራቱ ይጠፋል። ፔዳሉ ሲረገጥ ክንዱ ይርቃል፣ ፒኑ ብቅ ይላል፣ መገናኛው ይገናኛል፣ መብራቱ ይበራል። እንግዲህ መብራቱ የሚበራው ፒኑ ሲለቀቅ ነው ማለት ነው። ፒኑን ተጭኖ የሚይዘው ነገር ከጠፋ፣ ፔዳሉ በቦታው ቢሆንም ለስዊቹ የተረገጠ ያህል ነው።

ባለ ሁለት ሽቦ ስዊች የሚያገለግለው መብራቱን ብቻ ነው። ባለ አራት ሽቦው በውስጡ ሁለት መገናኛ አለው፤ ሁለተኛው በተቃራኒው እየሠራ ለሞተሩ ኮምፒውተርና ለክሩዝ ኮንትሮል (የመኪናውን ፍጥነት ራሱ ለሚጠብቀው) ምልክት ይሰጣል። መብራቱ አልጠፋ ባለበት ሰሞን ክሩዝ ኮንትሮል አልያዝ የሚለው፣ አንዳንዴም የሞተር ምልክት በርቶ በኮድ ማንበቢያ «ፒ 0571» ወይም «ፒ 0504» የሚወጣው ለዚህ ነው። አውቶማቲክ መኪና ፍሬን ሳይረገጥ ከ«ፒ» መውጣት ከጀመረም ምንጩ ያው ነው። ልጆች የሚጫወቱበት መኪና ከሆነ ይህን ለነገ አያሳድሩት።

የበራው የፍሬን መብራት ነው ወይስ የፓርኪንግ?

ዳሽቦርድ ሥር ከመግባትዎ በፊት ከኋላ ቆመው ይመልከቱ። ብዙ መኪኖች ለፓርኪንግና ለፍሬን አንድ አምፑል ይጠቀማሉ፤ በውስጡ የ5 ዋትና የ21 ዋት ሁለት ክሮች አሉት። የሚለየው ላይኛው ሦስተኛ መብራት ነው፤ እሱ የሚበራው በፍሬን ብቻ ነው።

ሦስቱም በሙሉ ድምቀት በርተው ከሆነ መንገዱ ወደ ፔዳሉ ነው። ላይኛው ጠፍቶ የታችኞቹ ብቻ ደብዘዝ ብለው ከበሩ፣ ያልተዘጋ የፓርኪንግ መብራት ሊሆን ስለሚችል ማብሪያውን ይፈትሹ። የፓርኪንግ መብራት ሲከፍቱ ሦስቱም የሚበሩ፣ ሲዘጉ አብረው የሚጠፉ ከሆነ ግን ፔዳሉን አይንኩት፤ ጥፋቱ ኋላ አምፑሉ ዘንድ ነው፣ ወደ መጨረሻው እንመጣበታለን።

በፔዳሉ ላይ የሚደረጉ ሦስት ፍተሻዎች

መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ወይም ታኮ ይግባ፣ ቁልፉ ይነቀል። የሾፌሩን ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍተው ጀርባዎን ወለሉ ላይ ያድርጉና በእጅ ባትሪ ወደ ላይ ይመልከቱ። በዚያ አካባቢ ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ የተጠቀለለ ሽቦ ካዩ የኤርባግ መስመር ነውና አይንኩት። መብራቱን የሚያይልዎ ሰው ከሌለ ስልክዎን ከኋላ አቁመው ቪዲዮ ይቅረጹ፤ ወይም መኪናውን ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥተው ያቁሙትና ቀዩን ነጸብራቅ ይከታተሉ።

1. የፍሬን ፔዳሉን በእጅዎ ወደ ራስዎ ይሳቡት። መብራቱ ከጠፋ ፔዳሉ ሙሉ ለሙሉ እየተመለሰ አይደለም፣ ወይም ስዊቹ ከማስተካከያው ወጥቶ ርቋል።

2. መብራቱ ካልጠፋ የስዊቹን ፒን በጣትዎ እስከ መጨረሻው ይጫኑት። አሁን ከጠፋ ስዊቹ ደህና ነው፤ ፒኑን የሚጫነው ጎማ ወድቋል ወይም ስዊቹ ከቦታው ሸሽቷል።

3. ፒኑ ተጭኖም መብራቱ ከበራ የስዊቹን ሶኬት ይንቀሉት። ምላሷን በጣት ተጭነው ሶኬቱን ራሱን ይሳቡ፣ ሽቦውን አይጎትቱ። መብራቱ ከጠፋ ስዊቹ ውስጡ ተጣብቋል። ሶኬቱ ተነቅሎም ከበራ ኃይሉ በሌላ በኩል እየገባ ነው።

በሦስተኛው ፍተሻ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች መብራቱን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው፤ የስዊቹ ምልክት ሲቋረጥበት ለደኅንነት ብሎ መብራቱን ራሱ ያበራዋል። በእነዚህ ላይ «ሶኬቱ ተነቅሎም በራ» ማለት ሽቦው ተበላሽቷል ማለት አይደለምና፣ ስዊቹን አውጥተው በመልቲሜትር ይለኩት።

የወደቀችው ጎማ

ፔዳሉ ክንድ ላይ፣ ልክ ከስዊቹ ፒን ፊት ለፊት አንዲት ክብ ቀዳዳ አለች። በዚያች ቀዳዳ ውስጥ የፕላስቲክ ወይም የጎማ ማረፊያ ትሰካለች፤ ጠፍጣፋ ራሷ ወደ ፒኑ ዞሮ ይጫነዋል። በዓመታት ሙቀት ትደርቃለች፣ ትሰነጠቃለች፣ አንድ ቀን ተሰብራ ትወድቃለች። ያኔ ፒኑ በባዶዋ ቀዳዳ ውስጥ ሾልኮ ያልፋል፣ መብራቱ በርቶ ይቀራል። በሆንዳ፣ በኒሳን፣ በሃዩንዳይና በኪያ መኪኖች ላይ በጣም የተለመደ ብልሽት ነው።

ምልክቷን ምንጣፉ ላይ ይፈልጉ። ከፔዳሉ ሥር ሰማያዊ፣ ቢጫ ወይም ቡናማ ቀለም ያለው፣ በጣት ሲጨመቅ እንደ ደረቅ ዳቦ የሚፈረፈር ቁራጭ ካገኙ ምርመራው አለቀ። ከዚያ በእጅ ባትሪ ቀና ብለው ሲያዩ የፒኑ ጫፍ ቀዳዳዋ መሃል ገብቶ ይታያል። ፍርፋሪውን አይጣሉት፤ መለዋወጫ ሲገዙ መጠኑን ለማመሳከር ይጠቅማል። ሲጠይቁም «የፔዳል ጎማ» ብቻ ካሉ የሚሰጥዎ እግር የሚያርፍበት ሽፋን ነው። «የፍሬን ስዊች ፒን የሚያርፍባት፣ ፔዳሉ ክንድ ላይ የምትሰካዋ» ብለው ያስረዱ፣ የቀዳዳዋን ስፋትም በካሊፐር ለክተው ይሂዱ።

አዲሷን ለማስገባት ኃይል አያስፈልግም። ለ5 ደቂቃ ያህል ሙቅ ውኃ ውስጥ ይዝፈቋት፣ ትለሰልሳለች። የቀዳዳዋን ዙሪያ ከአሮጌው ቅሪት ያጽዱ። ፔዳሉን በአንድ እጅ ወደ ታች ይያዙት፤ ይህ በክንዱና በስዊቹ መሃል የጣት ቦታ ይከፍታል። የጎማዋን ቀጭን ጫፍ በሳሙና ውኃ አርሰው ከስዊቹ በኩል ወደ ቀዳዳዋ ያስገቡና «ጠቅ» ብላ እስክትይዝ በአውራ ጣት ይግፏት። ካስቸገረ ከወዲያ ማዶ ብቅ ያለውን ጫፍ በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ በእርጋታ ይሳቡት። ዘይት ወይም ግሪስ አይቀቡ፤ ጎማውን ያበላሸዋል፣ ወደ ስዊቹም ይገባል።

መኪናው ማኑዋል ከሆነ የፍሪሲዮን ፔዳሉንም እግረ መንገድዎን ይመልከቱ። እዚያም ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ጎማ አለች፣ ዕድሜዋም እኩል ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መቀየር ሁለተኛ ጊዜ ወለል ላይ ከመተኛት ያድናል።

ጎማዋ እስክትገኝ በቡሎን መተካት ይቻላል፣ በትክክል ከተሠራ። በቀዳዳዋ ልክ የሚያልፍ፣ ራሱ ጠፍጣፋና ለስላሳ የሆነ አጭር ቡሎን ይምረጡ። ራሱን ወደ ፒኑ አዙረው፣ ከቀዳዳዋ የሚሰፋ ሮንዴላ አድርገው፣ ከማዶ ናይለን ባለው የማይላላ ዳዶ ይሰሩት። ተራ ዳዶ በንዝረት ይፈታል፤ ከፔዳሉ ሥር የወደቀ ዳዶ ደግሞ ፍሬን እንዳይረገጥ ሊያግድ ይችላል። የብረቱ ራስ ከጎማዋ ከወፈረ ወይም ከሳሳ ስዊቹን እንደገና ማስተካከል ይኖርብዎታል። በማስቲሽ ማጣበቅ ወይም በፕላስተር መጠቅለል አይሁን፤ በመጀመሪያው ሞቃት ቀን ይለቃል።

ስዊቹን መቀየርና ማስተካከል

ስዊቹ መበላሸቱን በመልቲሜትር ያረጋግጡ። ሶኬቱን ነቅለው መለኪያውን በኦም ላይ ያድርጉና ሁለቱን እግሮች ይንኩ። ፒኑ ሲለቀቅ ከ1 ኦም በታች፣ ፒኑ ሲጫን ምንም ንባብ እንዳይኖር ይጠበቃል። ፒኑ ተጭኖም ግንኙነት ካሳየ መገናኛው ተጣብቋል። ባለ አራት እግር ከሆነ አንዱ ጥንድ እንዲህ፣ ሌላው ጥንድ በተቃራኒው ይሠራል። የሶኬቱን ፕላስቲክም ያስተውሉ፤ የቀለጠ ወይም የጠቆረ ከሆነ ከስዊቹ አቅም በላይ ጅረት ሲያልፍ ነበር ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ ከታዘዘው በላይ ዋት ያለው አምፑል ነው። አምፑሉ ሳይታረም አዲሱም ስዊች ይቃጠላል።

ስዊቾቹ ሁለት ዓይነት አሠራር አላቸው፣ አገጣጠማቸውም ይለያያል።

ጥርስ ያለው ስዊች በዳዶ ይታሰራል፣ ብዙ ጊዜ 14 ቁልፍ ይይዘዋል። ዳዶውን ያላሉ፣ ስዊቹን አዙረው ያውጡ። አዲሱን ሲያስገቡ ፔዳሉ በነፃ ተመልሶ እንዲያርፍ ያድርጉ፤ ፒኑ ሙሉ ለሙሉ ገብቶ የስዊቹ አካል ጎማዋን እስኪነካ ድረስ ያዙሩት፣ ከዚያ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል ወደ ኋላ ይመልሱት። በስዊቹ ጥርሳማ ጫፍና በጎማዋ መሃል 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ቢቀር ለብዙ መኪና ተስማሚ ነው፤ የመኪናው መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ የእሱን ይከተሉ። ስዊቹ እንዳይዞር በአንድ እጅ ይዘው ዳዶውን ያጥብቁ።

ሁለተኛው ዓይነት በማዞር የሚቆለፍ፣ ራሱን የሚያስተካክል ነው። ሩብ ዙር ወይም ከዚያ ባነሰ ተዞሮ ይወጣል። ፒኑ በጥርስ እየቆጠረ የሚያጥርና አንዴ ከተስተካከለ የማይመለስ ከሆነ፣ ከመግጠምዎ በፊት እስከ መጨረሻው ስበው ያውጡት። ሲገጥሙ ፔዳሉ ተረግጦ ይሁን ተለቆ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ ከስዊቹ ጋር የመጣውን ወረቀት አይጣሉ።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት ከመብራቱ የባሰ ጣጣ ያመጣል። መብራቱ ይጥፋ ብቻ ተብሎ ስዊቹ ከልክ በላይ ወደ ፔዳሉ ከተጠጋ፣ ፔዳሉን ራሱን ገፍቶ ይይዘዋል። ለዓይን የማይታይ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። ያኔ በፍሬን ማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ በሚገፋው ክፍል) ውስጥ ያለው ፒስተን ወደ መነሻው አይደርስም፤ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት ትንሽ ቀዳዳም እንደተደፈነች ትቀራለች። ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲነዳ ዘይቱ ሞቆ ያብጣል፣ መውጫ ስለሌለው የፍሬን ሸራውን ይገፋል፣ ፍሬኑ ሳይረገጥ እየያዘ ይሄዳል፣ ዲስኩ ይግላል። ስለዚህ ስዊቹን ካሰሩ በኋላ ፔዳሉን በጣት ጫን አድርገው ይሞክሩት፤ ከመክበዱ በፊት ጥቂት ሚሊ ሜትር በቀላሉ መንቀሳቀስ አለበት። ይህ ነፃ እንቅስቃሴ ከጠፋ ስዊቹን ያርቁት።

ፔዳሉ ካልተመለሰ

በመጀመሪያው ፍተሻ ፔዳሉን ሲስቡት መብራቱ ጠፍቶ ከሆነ ስዊቹን ከማጠጋትዎ በፊት ፔዳሉ ለምን እንደቀረ ይወቁ። የታጠፈ ምንጣፍ፣ ከፔዳሉ ጀርባ የተንከባለለ ጠርሙስ፣ ከመንጠቆው የወጣ ወይም የተሰበረ የመመለሻ ሞላ፣ የደረቀ የፔዳል መዞሪያ ቡሽ፤ በብዛት ከእነዚህ አንዱ ነው። መዞሪያውን አጽድተው በጥቂት ግሪስ ማለስለስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፔዳሉ ከባድ ሆኖ በዝግታ የሚመለስ ከሆነ ግን ችግሩ ከሰርቮው (የእግርን ኃይል ከሚያግዘው ክፍል) ወይም ከማስተር ሲሊንደሩ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የፍሬኑ የራሱ ጉዳይ ስለሆነ መኪናው ሳይነዳ በባለሙያ ይታይ።

በጣም ቆየት ያሉ መኪኖች፣ ለምሳሌ የድሮው ቮልስዋገን ቢትል፣ ስዊቻቸው ፔዳሉ ጋ አይደለም፤ ማስተር ሲሊንደሩ ላይ ተጠምዝዞ በዘይቱ ግፊት ይሠራል። እሱ ሲቀየር አየር ስለሚገባ ፍሬኑን ማስተንፈስ ግድ ነው።

ስዊቹ ተነቅሎም ከበራ

አሁን ኃይሉ ከስዊቹ በኋላ ባለው መስመር በሌላ በር እየገባ ነው። ሥራው አንድ በአንድ እየነቀሉ በየት በኩል ሲሆን እንደሚጠፋ ማየት ነው።

ተጎታች መሳቢያ ሶኬት ካለው ከዚያ ይጀምሩ። ለውኃና ለጭቃ የተጋለጠ ስለሆነ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይይዝና ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ጅረት ያሻግራል። ሽቦውን ይንቀሉት፣ ከጠፋ ተገኝቷል። መኪናው ለፍሬን መብራት ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ትንሽ ማብሪያ) ካለው ሪሌውን ይንቀሉ፤ ከጠፋ ተመሳሳይ ቁጥር ካለው ሌላ ሪሌ ጋር ቀያይረው ይሞክሩ። ከዚያ የኋላ በሩ ወይም የሻንጣው ክዳን ማጠፊያ ጋ ያለውን ተጣጣፊ የጎማ ቱቦ ገፍተው ይመልከቱ። ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እዚያ ያለው ሽቦ ይታጠፋል፣ ልባሱ ይሰነጠቃል፣ ጎን ለጎን ያሉት ሽቦዎች ይነካካሉ። ክዳኑን ሲያንቀሳቅሱ መብራቱ ከተርገበገበ ጥፋቱ እዚያው ነው። የተበጠሰውን በብየዳና በሙቀት በሚጨማደድ ቱቦ ይጠግኑ፤ ኢንሱሌሽን ቴፕ ብቻ እዚያ ቦታ አይቆይም።

ቀጥሎ አምፑሎቹ። ሁለቱንም የታች አምፑሎች አውጥተው በብርሃን ይዩ። ተበጥሶ የወደቀ ክር ከጎኑ ያለውን ክር ከነካ የፓርኪንጉ ኃይል ወደ ፍሬኑ መስመር ይሻገራል፤ ያኔ ነው የፓርኪንግ መብራት ሲከፈት ሦስተኛው መብራት ጭምር የሚበራው። ተመሳሳይ ውጤት የሚያመጣው የተሳሳተ አምፑል ነው። የባለ ሁለት ክሩ አምፑል ሁለት ጆሮዎች አንዱ ከሌላው ከፍ ያለ ነው፣ የባለ አንድ ክሩ ግን እኩል ናቸው፤ ነጠላው በጉልበት ከገባ ግርጌው ሁለቱን መገናኛዎች ያገናኛቸዋል። አምፑሉ ተነቅሎ ፔዳሉ ሳይረገጥ መያዣው ላይ የፍሬኑን እግር ከማሳ (ከኔጌቲቩ ጋር ከተያያዘው የመኪናው ብረት) ጋር ሲለኩ 0 ቮልት መሆን አለበት። 12 ቮልት ካለ ኃይሉ ከፊት እየመጣ ነው።

መብራቱ በደብዛዛው ብቻ የሚበራ ከሆነ የማሳውን ሽቦ ይጠርጥሩ። ማሳው ሲዝግ የፓርኪንጉ ጅረት መመለሻ ስለሚያጣ በፍሬኑ ክር በኩል ዞሮ ይወጣል። የማሳውን ቡሎን ፈትተው፣ ብረቱን እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ጠርገው መልሰው ይሰሩ። ተራው አምፑል በኤል ኢ ዲ ተተክቶ ከሆነም ጥቂት ሾልኮ የሚያልፍ ጅረት ብቻ ያበራዋልና፣ ለሙከራ ተራ አምፑል ይግጠሙ።

ሥራው መያዙን ማረጋገጫ

ፔዳሉን 20 ጊዜ ያህል ረግጠው ይልቀቁ፣ በየጊዜው ሦስቱም መብራት አብረው መጥፋት አለባቸው። በዝግታ ሲረግጡ ደግሞ ፍሬኑ መያዝ ከመጀመሩ በፊት መብራቱ መብራት ይኖርበታል። አውቶማቲክ ከሆነ ቁልፉን ከፍተው፣ ፍሬኑን ሳይረግጡ ከ«ፒ» ለማውጣት ይሞክሩ፤ እምቢ ሊል ይገባል። የኮድ ማንበቢያ ካለዎት የቆየውን ኮድ ያጥፉ።

በመጨረሻም ፍሬን እምብዛም በማያስይዝ መንገድ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ይቁሙና እጅዎን ሳያስነኩ ወደ አራቱም ቸርኬዎች ያስጠጉ። የሚፋጅ ሙቀት ወይም የሸራ ሽታ ካለ ስዊቹ ፔዳሉን ገፍቶ ይዞታል፤ ዳዶውን አላልተው ግማሽ ዙር ያርቁትና እንደገና ይሞክሩ።